የመጀመሪያ የቲዩብ ሬዲዮ ለመግዛትና ለማደስ፦ የትኛውን ማንሳት፣ የትኛውን ማለፍ

የቲዩብ ሬዲዮ ማለት በትራንዚስተር ፈንታ አየር በወጣላቸው የመስታወት ቲዩቦች የሚሠራ የድሮ ሬዲዮ ነው። እንዲህ ያለውን ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። የእንጨቱ ማማር፣ የማዞሪያዎቹ ወርቃማ ጠርዝ፣ የከተማ ስም የተደረደረበት መስታወት ልቡን ይወስደዋል። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እኔ ግን አዙሩት ነው የምለው። የጀርባ ክዳኑን አንሱና ውስጡን እዩ። ሬዲዮው የእረፍት ቀን ደስታ ይሁን የወራት ጣጣ የሚለየው እዚያ ነው።

ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ወይም የሁለተኛውን ሬዲዮ ለሚመርጥ ሰው ነው። ቤቱን በሬዲዮ የሞላ ሰው ካለ እሱ ቢያስተምረኝ ይሻላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ይሠራል» ሲባል አትደነቁ

ሻጮች «ይሠራል» ብለው ዋጋ ይጨምራሉ፣ «አይሠራም» ብለው ይቀንሳሉ። ለሚያድስ ሰው ልዩነቱ ኢምንት ነው። ስልሳና ሰባ ዓመት ያለፈው ሬዲዮ ቢሠራም ባይሠራም ውስጡ ያሉት የወረቀት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አርጅተዋል። ወረቀቱ እርጥበት ስቧል፤ ማለፍ የሌለበትን ኮረንቲ ያሳልፋል። ኃይሉን የሚያጣሩት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮችም ደርቀዋል። ሁለቱንም መቀየራችሁ አይቀርም።

እንዲያውም የሚሠራው ሊብስ ይችላል። ከካፓሲተሮቹ ሁሉ አደገኛው ድምፁን ወደ መጨረሻው ማጉያ ቲዩብ የሚያስተላልፈው ነው። እሱ ሲያፈስ ኮረንቲውን በሚቆጣጠረው የቲዩቡ ክፍል፣ በግሪዱ፣ ላይ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ይደርሳል። ቲዩቡ ከልክ በላይ ኮረንቲ ይስባል፤ ይግላል። ከዚያ የስፒከሩን ትራንስፎርመር (ቮልቴጅ የሚቀይር የሽቦ ጥቅል)፣ አንዳንዴም ዋናውን ትራንስፎርመር ይዞ ይሞታል። ሬዲዮው ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይዘፍናል። ስለዚህ «ትናንት ከፍቼ ሳዳምጠው አመሸሁ» ከሚባለው ይልቅ ለዓመታት ማንም ሳይነካው አቧራ የጠጣው ይመረጣል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ የጎደለው ወይም የተበላሸው ነገር ይገዛል ወይስ አይገዛም?

ካፓሲተር፣ ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የመስታወቱ አምፖል፣ የጣቢያ ጠቋሚው ክር ሁሉም ይገዛሉ። ርካሽም ናቸው። ቲዩብም አብዛኛው ይገኛል። ሰው ሁሉ ጥፋቱን ቲዩብ ላይ ይጥላል እንጂ ቲዩብ በቀላሉ አይሞትም። በመስታወቱ ውስጥ ብርማ ወይም ቡናማ ቅብ ይታያል። ቅቡ ነጭ ዱቄት ከመሰለ አየር ገብቶበታል፤ አበቃለት። ብርማ ከሆነ ቢያንስ ተስፋ አለው።

ከዚህ ከፍ የሚሉት ዋናው ትራንስፎርመር፣ የስፒከሩ ትራንስፎርመርና የሞገድ መጠምጠሚያዎቹ ናቸው። ሊተኩ ይችላሉ፤ ግን ተስማሚ መፈለግ ወይም እንደገና ማስጠምጠም ይጠይቃል። ዋናው ትራንስፎርመር ሥር ቅጥራን የመሰለ ጥቁር ነገር ፈስሶ ከደረቀ፣ ወይም ሲሸተት የተቃጠለ ከሸተተ አንድ ጊዜ ክፉኛ ግሏል ማለት ነው። ሻጩ ከፈቀደ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዛችሁ ሂዱ። ሬዲዮው ከግድግዳው እንደተነቀለ የስፒከሩን ትራንስፎርመር ቲዩቡ በሚያያዝበት በኩል ለኩት። ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። ይህ በአሮጌ ሬዲዮ ላይ የተለመደ በሽታ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።

የማይገዙት ደግሞ አሉ። ቀዳሚው የጣቢያ መስታወቱ ነው። ጽሑፉ የታተመው ከውስጥ በኩል ሲሆን ቀለሙ አንዳንዴ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይታጠባል። አሳቢ መስሎት ያጸዳው ሰው ከነስሞቹ ጠርጎት ታገኛላችሁ። የተሰበረ መስታወት ያለው ሬዲዮ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይመረጥም። የተሰነጠቀ የቤክላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ሣጥንም እንዲሁ ነው፤ ስንጥቁ ሳይታይ የሚጠገንበት መንገድ የለም። የእንጨት ሣጥን ግን ይታገሣል። የተላቀቀ ስስ ሽፋን በሙጫ ይመለሳል፤ የሞተ ቫርኒሽ ተፍቆ እንደገና ይቀባል። ማዞሪያዎቹ የጎደሉት ሬዲዮ ትንሽ ነገር የጎደለው ይመስላል። የዚያን ሞዴል ማዞሪያ ፍለጋ ስትወጡ ግን ታዩታላችሁ።

አይጥ የኖረበትንም እለፉት። የአይጥ ሽንት ቀጫጭኖቹን የመጠምጠሚያ ሽቦዎች ይበላል። ሽታውም ቢሆን ሞቅ ባለ ቁጥር ይመለሳል።

ትራንስፎርመር ያለው፣ የሌለውና የባትሪው

ከምርጫው ሁሉ ክብደት ያለው ይሄኛው ነው፤ ሕይወትም ያለበት እዚህ ነው።

ትራንስፎርመር ያለው ሬዲዮ ሲያነሡት ይከብዳል። ሻሲው፣ ማለትም ክፍሎቹ የተተከሉበት የብረት መደብ፣ ጥግ ላይ የብረት ጡብ የሚመስል ነገር ተቀምጧል። የግድግዳው ኤሌክትሪክ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ሬዲዮው የሚጠቀምበት ደግሞ ከሌላ ጥቅል ይወጣል። ሁለቱ በሽቦ አይገናኙም። ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ከሆነ ሻሲውን መንካት ከግድግዳው ሽቦ ጋር አያገናኛችሁም። ውስጡ ያለው 250 ወይም 300 ቮልት ግን ይገድላል። እሱን አትርሱ።

ትራንስፎርመር የሌለው ርካሽና ቀላል እንዲሆን የተሠራ ነው። የቲዩቦቹ ማሞቂያዎች ተራ በተራ ተያይዘው በቀጥታ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ይሞቃሉ። አሜሪካኖቹ በሚሊዮኖች ያመረቱት ባለ አምስት ቲዩብ ሬዲዮ ምሳሌው ነው። ሦስቱ ቲዩቦች እያንዳንዳቸው ወደ 12.6 ቮልት፣ አንዱ 50፣ አንዱ 35 ቮልት ይፈልጋሉ። ሲደመር 120 ቮልት አካባቢ ይመጣል፤ ያ የግድግዳቸው ቮልቴጅ ነው። ብልህ ሥራ ነው። ዋጋው ግን አንደኛው የግድግዳ ሽቦ ከሻሲው ጋር በቀጥታ ወይም በካፓሲተር በኩል መገናኘቱ ነው። ሶኬቱ በአንድ በኩል ሲሰካ ሻሲው ዝም ይላል፤ ተገልብጦ ሲሰካ ሙሉ ኮረንቲ ይሆናል። ሠሪዎቹ ሰውን የጠበቁት በቤክላይት ሣጥን፣ በፕላስቲክ ማዞሪያና በጀርባ ክዳን ነው። ሊያድስ የሚነሣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያወልቀው እነዚያን ነው!

ይህን ዓይነቱን ያለ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ጠረጴዛ ላይ አትክፈቱ። እሱ አንድ ለአንድ የሚያስተላልፍ፣ ሬዲዮውን ከግድግዳው የሚለይ መሣሪያ ነው። ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ያላቸው ደግሞ በተለይ ይጠንቀቁ። የኦሲሎስኮፑ የመሬት መቆንጠጫ ኮረንቲ ያለው ሻሲ ላይ ሲነካ መሣሪያውንም ሬዲዮውንም ባንድ ብልጭታ ይጨርሳል። ከስልክ ድምፅ ለማስገባት መግቢያ መቀጠልም እዚህ አይሞከርም። ያ ሽቦ በእጃችሁ ከያዛችሁት ስልክ ጋር የሚገናኝ ነው።

ለፍርድ ያህል፣ ባለ አምስት ቲዩቡ መጥፎ ሬዲዮ አይደለም። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ የአሠራር ሥዕሉ በአንድ ገጽ ያልቃል፣ ትርፍ ቲዩብ ይገኛል። ብዙ ሰው በእሱ ተምሯል። እኔ ግን ሁለተኛ አድርጉት እላለሁ። ስትገዙት ደግሞ የመስታወቱ አምፖል መቃጠሉን እዩ። በብዙዎቹ ላይ ያ አምፖል ከ35 ቮልቱ ቲዩብ ማሞቂያ ከፊሉ ጋር ጎን ለጎን ተያይዟል። አምፖሉ ከሞተ ኮረንቲው ሁሉ በዚያ ክፍል ያልፋል፤ ቲዩቡም ብዙ አይቆይም።

ሻሲውን ሳያወጡ ዓይነቱን መለየት ይቻላል። ቲዩቦቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አውሮፓ ውስጥ በተሠሩት ላይ የመጀመሪያው ፊደል ይናገራል። በ«ኢ» (E) የሚጀምሩት፣ እንደ ኢሲኤች81 እና ኢኤል84 ያሉት፣ 6.3 ቮልት ናቸው፤ ከነሱ ጋር ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለ። በ«ዩ» (U) የሚጀምሩት በተራ የተያያዙ ናቸው፤ ሻሲው ኮረንቲ አለው ብላችሁ ገምቱ። በ«ዲ» (D) የሚጀምሩት የባትሪ ናቸው። በአሜሪካኖቹ ደግሞ የፊተኛው ቁጥር የማሞቂያው ቮልቴጅ ነው። 6 ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ትራንስፎርመር አለ። 35 እና 50 ካያችሁ የለም።

የባትሪው ሬዲዮ ለብቻው ዓለም ነው። የግድግዳ ኤሌክትሪክ የለበትም፤ በዚህ ደግ ነው። ማሞቂያዎቹ ለእያንዳንዱ ቲዩብ 1.4 ቮልት አካባቢ ይበቃቸዋል። ከፍተኛው ቮልቴጅ ግን 67.5 ወይም 90 ነው፤ ያንን የሚሰጥ ባትሪ ከገበያ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። መላ አለው፦ አሥር ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች ሲቀጣጠሉ 90 ቮልት ይሆናሉ። ስትቀጥሉ ግን እጃችሁ ቢስትና 90 ቮልቱ ማሞቂያው ላይ ቢያርፍ ቲዩቦቹ በሙሉ ባንድ ቅጽበት ይነዳሉ። ከዚህ ቤተሰብ ዝነኛው የዜኒት ትራንስ ኦሽኒክ ነው። ከ1942 እስከ 1962 በቲዩብ ተሠርቷል፤ በባትሪም በግድግዳም ይሠራል፤ አጭር ሞገድ በደንብ ይይዛል። ከ1950ዎቹ ሞዴሎቹ አንዱን ስትገዙ 1ኤል6 የሚባለው ቲዩብ ቦታው ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ብርቅና ውድ ነው፤ ነቅሎ ለብቻው የሚሸጥም አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለ120 ቮልት የተሠራ ሬዲዮ 220 ወይም 230 ቮልት ባለበት አገር መቀነሻ ይፈልጋል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። አውሮፓ ከተሠሩት ብዙዎቹ ቮልቴጅ መምረጫ ስላላቸው ከመሰካታችሁ በፊት የት ላይ እንደቆመ እዩ። 240 የሚል ካለው ለዛሬው 230 ቮልት ከ220ው ይልቅ እሱ ይሻለዋል።

ከየትኛው ዘመን?

የ1920ዎቹን ለሙዚየምና ለታጋሽ ሰው ተዉት። ሦስት ማዞሪያ እያስማሙ አንድ ጣቢያ ይፈለግባቸዋል፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ባትሪ ይጠይቃሉ። ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጹ ክፍሎቻቸው እያበጡ ይፈረካከሳሉ።

የ1930ዎቹ ሌላ ነገር ናቸው። ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1918 የፈለሰፈው ሱፐርሄትሮዳይን፣ ማለትም የሚመጣውን ሞገድ ወደ አንድ ቋሚ ሞገድ ቀይሮ የሚያጎላ አሠራር፣ በነዚህ ዓመታት በየቤቱ ገባ፤ ዛሬም ሬዲዮ የሚሠራው በመሠረቱ በሱ ነው። አናታቸው ቅስት የሆነው የእንጨት ሬዲዮዎች የመጡትም ያኔ ነው። ፊልኮ በ1930 ካወጣቸው በኋላ ብዙው ሰው አሮጌ ሬዲዮ ሲባል የሚያስበው እነሱን ሆኗል። ውብ ናቸው። ጣጣቸው ግን ከዚያው ይጀምራል። ፊልኮ ካፓሲተሮቹን በትንንሽ የቤክላይት ሣጥኖች ውስጥ በሬንጅ ቀብሯቸዋል፤ እያንዳንዱን ማውጣትና መሙላት ይጠበቅባችኋል። ስፒከሮቹ ቋሚ ማግኔት የላቸውም። ማግኔት የሚሆነው የራሱ ጥቅል ነው፤ ያው ጥቅል ኃይሉን ለማጣራትም ያገለግላል። ጥቅሉ ከተበጠሰ ስፒከሩም ማጣሪያውም አብረው ጠፉ። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ደግሞ የጎማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች አሏቸው። ጎማው ሲነካ ይረግፋል፤ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። እንዲህ ያለውን ካያችሁ ሬዲዮውን በሙሉ እንደገና ማያያዝ ነው። ለጀማሪ አልመኝም።

ከዚያው ዘመን የጀርመኑ ፎልክስኤምፕፌንገር («የሕዝብ ሬዲዮ») በታሪኩ ይፈለጋል። የ1933ቱ ሞዴል ቪኢ301 ይባላል፤ ቁጥሩ ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጥር 30 ይጠቁማል። በ1938 የወጣው ታናሹ ዲኬኢ38 ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ቀላል ይመስላል። ሻሲው ግን ኮረንቲ ያለው ነው፤ ቪሲኤል11 የሚባለው ቲዩቡም ዛሬ ከሬዲዮው ራሱ ሊወደድ ይችላል። በውሸት ቲዩብ ተሞልቶ የሚሸጥም አለ።

እኔ የምመርጠው የ1950ዎቹን የጠረጴዛ ሬዲዮ ነው። በተለይ የጀርመኖቹን፦ ቴሌፉንከን፣ ግሩንዲግ፣ ሳባ፣ ኖርድመንደ፣ ብላውፑንክት። ትራንስፎርመር አላቸው። ስፒከራቸው ቋሚ ማግኔት ነው። ሽቦዎቻቸው በፕላስቲክ ተሸፍነዋል። ቲዩቦቻቸው በገፍ የተመረቱ ናቸው፤ የመጨረሻ ማጉያው ኢኤል84 ለጊታር ማጉያዎች ስለሚፈለግ ዛሬም አዲስ ይሠራል። ድምፃቸው ደግሞ ከእንጨት ሣጥኑ ጋር ተዳምሮ የሚያስገርም ነው። ጉዳታቸው አንድ ነው፦ ውስጣቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሻሲውን ለማውጣት የስፒከር ሽቦ መፍታት፣ ክር መጠበቅ፣ የመምቻ ቁልፎቹን ማላቀቅ አለ። ከማላቀቃችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ያልተነሣው ፎቶ ነው ሁልጊዜ የሚፈለገው።

ብዙዎቹ አረንጓዴ የሚበራ የጣቢያ ማስተካከያ ዓይን አላቸው። ዓይኑ ሲደክም ይደበዝዛል። ኢኤም80 ወይም ኢኤም84 ከሆነ ተተኪ ይገኛል። ቀደም ያሉት፣ እንደ ኢኤም11 እና ኢኤም34 ያሉት፣ ኪስ ይጎዳሉ። ዓይኑ ቢደበዝዝም ሬዲዮው ይሠራል፤ ስለዚህ ለእሱ ሲባል ጥሩ ሬዲዮ አይታለፍ።

ታድሶ ምን ይሰማበታል?

ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ሬዲዮው ከታደሰ በኋላ ነው። በናንተ አካባቢ አየሩ ላይ ያለው ምንድን ነው? መካከለኛ ሞገድ የቀረባቸው አገሮች እየበዙ ነው። ጀርመን ውስጥ ዶይችላንድፉንክ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎቹን በ2015 መጨረሻ አጥፍቷል። ኖርዌይ ደግሞ በ2017 አገር አቀፍ የኤፍኤም ስርጭቷን ወደ ዲጂታል ቀይራለች። መካከለኛ ሞገድ በሌለበት ቦታ መካከለኛ ሞገድ ብቻ ያለው ሬዲዮ ማታ ማታ ከሩቅ የሚመጣውን ካልያዘ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ያም ቢሆን የዘመኑ ቻርጀርና የኤልኢዲ መብራት የሚረጨው ጩኸት አለ።

ኤፍኤም ያለውም የራሱ ወጥመድ አለበት። አሜሪካ በ1945 ኤፍኤምን ከ42 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ካለው ቦታ ወደ 88 እስከ 108 አዛወረች። ከዚያ በፊት የተሠራ የኤፍኤም ሬዲዮ የዛሬን ጣቢያ አይሰማም። ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የተሠሩት ከ66 እስከ 73 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚይዙት፤ መስታወታቸው ያምራል፣ ኤፍኤማቸው ግን በአብዛኛው ዓለም ዝም ነው። የ1950ዎቹ ጀርመን ሠራሾች ከ1949 ጀምሮ በኤፍኤም የበረቱት በምክንያት ነው። በ1948 ኮፐንሃገን ላይ በተደረገው የሞገድ ክፍፍል ጀርመን ጥቂት መካከለኛ ሞገድ ብቻ ደረሳት። እነዚህ ሬዲዮዎች ከ87 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ይደርሳሉ፤ ከ100 በላይ ያለውን ጣቢያ አይነኩም። የምትወዱት ጣቢያ 104 ላይ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት።

ጣቢያ ለጠፋበት ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከራሳችሁ ስልክ ወይም ማጫወቻ የሚመጣውን ሙዚቃ በመካከለኛ ሞገድ በክፍል ውስጥ ብቻ የሚያሰራጭ ደካማ ማሰራጫ መጠቀም ነው። ሬዲዮው ምንም ሳይነካ በራሱ አሠራር ይሠራል፤ እኔ ይሄን እወዳለሁ። የአገራችሁን ደንብ ግን ቀድማችሁ እዩ። ሌላው ከጀርባ ባለው የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ድምፅ ማስገባት ነው። ብዙዎቹ የ1950ዎቹ ሬዲዮዎች ይህ መግቢያ አላቸው። ትራንስፎርመር ባለው ሬዲዮ ላይ ብቻ ይሁን።

ውስጡን አራግፈው ብሉቱዝ የሚያስገቡስ? ሣጥኑ የነሱ ነው፤ ምን ይባላል። ግን ሬዲዮ ማደስ አይባልም። ባዶ ሣጥን ፈልገው ቢያደርጉት መልካም ነበር።

አጭር ሞገድ ለሚያድን ሰው

ከሩቅ ጣቢያ ማደን የሚወድ ሰው የመገናኛ ሪሲቨር ያምረዋል። ሃሊክራፍተርስ ኤስ38 በ1946 ወጣ። መልኩን የነደፈው ሬይመንድ ሎዊ ነው። ርካሹና የሚገኘው እሱ ነው፤ ነገር ግን የብረት ሣጥን ያለው ትራንስፎርመር አልባ ሬዲዮ መሆኑን እወቁ። ከላይ ስለ ሻሲ የተባለው ሁሉ እዚህ ይበረታል። ከዚያ በላይ በ1935 የወጣው የናሽናል ኤችአርኦ አለ። ሞገድ ለመቀየር መጠምጠሚያዎቹ በመሳቢያ መልክ ይነቀላሉ፤ ስትገዙ መሳቢያዎቹ አብረው መኖራቸውን ቁጠሩ። አር390ኤ የሚባለው የጦር ሠራዊት ሪሲቨር ደግሞ ከሃያ በላይ ቲዩብ አለው፤ ክብደቱም 38 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ታላቅ መሣሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አይሆንም፤ ጠረጴዛውም አይችለውም። የጦር መሣሪያዎች ላይ ያሉ አንዳንድ ጠቋሚዎች ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር ያለበት ቀለም ስላላቸው አትፋቋቸው።

ከየት ይገዛ?

በአካል ማየት ከሁሉ ይበልጣል። የሬዲዮ አማተሮች (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች) መሸጫ ቀን፣ ያገለገለ ዕቃ ገበያ፣ የሟች ንብረት ሽያጭ፣ የዘመድ መጋዘን ሁሉም ጥሩ ናቸው። የአማተሮቹ ገበያ የሚለየው ሻጩ ስለ ዕቃው ማወቁ ነው፤ ትርፍ ቲዩብና የአሠራር ሥዕልም ከዚያው ይገኛል። የዘመድ መጋዘን ደግሞ ማንም ያልነካካው ሬዲዮ የሚገኝበት ነው። ያልነካካው ሲባል ቀላል ነገር አይደለም። የቀድሞ ጠጋኝ ቆርጦ የለጠፈውን ከመከተል ያረጀውን እንዳለ ማግኘት ይሻላል።

በኢንተርኔት ሲገዛ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ጉዳቱ ጉዞው ነው። ሬዲዮው ሣጥኑ ውስጥ እየተንገላታ ሲሄድ ቲዩቦቹ ይወድቃሉ፣ ከባዱ ትራንስፎርመር ሻሲውን ያጣምማል፣ ቤክላይቱ ይሰነጠቃል። ሻጩ ቲዩቦቹን አውጥቶ ለየብቻ እንዲጠቀልል፣ በሁለት ካርቶን እንዲያሽግ ጠይቁ። የጀርባ ክዳኑ ተነሥቶ ፎቶ ያልተነሣ ሬዲዮ ላይ አትጫረቱ። «ክፍሎቹን አላውቃቸውም፣ ሲከፈት ግን ያጉረመርማል» የሚል መግለጫ ሲታይ፣ ሻጩ ያለ ጥንቃቄ ሰክቶታል ማለት ነው።

የታደሰ መግዛትስ? ማዳመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን «ታድሷል» የሚለው ብዙ ነገር ይሸፍናል። አንዳንዱ ሣጥኑን ወልውሎ ብቻ ይሸጣል። የሻሲውን ሥር ፎቶ ጠይቁ። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ አዳዲስ ካፓሲተሮች ከታዩ ሥራ ተሠርቷል። ሰም የተነከሩት ቡናማዎቹ አሁንም ካሉ ወልዋይ ነው የሸጠላችሁ።

ምን ያህል ማደስ?

እዚህ ላይ በአዳሾች መካከል ክርክር አለ። አንዳንዶቹ አሮጌውን ካፓሲተር አውጥተው ውስጡን ይጎረጉራሉ፤ አዲሱን ትንሽ ካፓሲተር ከተቱና ቀፎውን ይዘጉታል። ሻሲው ሲገለበጥ የፋብሪካውን መልክ ይመስላል። ለብርቅ ሬዲዮ ድካሙ ይገባዋል። በብዛት ለተመረተ የጠረጴዛ ሬዲዮ ግን እኔ አላደርገውም፤ አዲሱን በግልጽ አስገብቶ አሮጌውን በከረጢት ከሣጥኑ ጋር ማስቀመጥ ይበቃል።

ስትቀይሩ ለወረቀቶቹ ቦታ 630 ቮልት የሚችል የፊልም ካፓሲተር አስገቡ። ከግድግዳው ሽቦ ጋር የሚያያዙት ግን ሌላ ናቸው። ለዚያ ቦታ ኤክስ ወይም ዋይ የሚባለው የደህንነት ዓይነት ብቻ ነው የሚገባው። ኤሌክትሮሊቲኮቹን ስትተኩ ደግሞ «ትልቅ ይሻላል» አትበሉ። ኃይሉ በቲዩብ የሚስተካከል (ከተለዋጭ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚቀየር) ከሆነ፣ የመጀመሪያው ካፓሲተር ከተፈቀደው ሲበልጥ ቲዩቡ ይጎዳል። ለምሳሌ ኢዜድ80 ለሚባለው ማስተካከያ ቲዩብ ወሰኑ 50 ማይክሮፋራድ ነው። ከፋብሪካው ቁጥር ብዙ አትራቁ። ሬዚስተሮቹን በመልቲሜትር እዩ፤ ከ20 በመቶ በላይ የራቁትን ቀይሩ። ጠፍጣፋ ክንፎች ያሉት ሴሊኒየም ማስተካከያ ካለ ከመቃጠሉ በፊት አውጡት፤ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው። በሲሊከን ዳዮድ ሲተካ ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል መቀነሻ ሬዚስተር ጨምሩ። የመጠምጠሚያዎቹን ማስተካከያ ብሎኖች ደግሞ አትንኩ። ጣቢያ ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚያዞረው እነሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሲግናል ጄኔሬተር (የሙከራ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ) መመለስ ፈተና ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰካ፦ ቫሪያክ ወይስ አምፖል?

ቫሪያክ ቮልቴጁን ከዜሮ ቀስ በቀስ ከፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ጥሩ ነው፤ ውድም ነው። ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ቫሪያክ ሬዲዮውን ከግድግዳው አይለይም፤ የአይሶሌሽን ትራንስፎርመርን ቦታ አይተካም። ሁለተኛ፣ በቲዩብ የሚስተካከል ሬዲዮ ማሞቂያው እስኪግል ድረስ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይሰጥም። ስለዚህ በ30 ቮልት ለሰዓታት ማቆየት አሮጌ ካፓሲተርን ያድናል የሚለው ተስፋ ብዙም አያስኬድም።

አምፖሉ ርካሽ ነው፤ እኔ ከሁለቱ እሱን አስቀድማለሁ። ተራ ባለ ክር አምፖል ኮረንቲው በእሱ አልፎ ወደ ሬዲዮው እንዲደርስ ሆኖ ይያያዛል። ለትንሽ ሬዲዮ 40 ወይም 60 ዋት፣ ለትልቁ 100 ዋት ይበቃል። የኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሠራም። ስትሰኩት አምፖሉ ለቅጽበት ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። ቦግ ብሎ እንደበራ ከቀረ ውስጡ የተገናኘ ሽቦ አለ፤ ወዲያው ንቀሉ። ትራንስፎርመሩ ከመቃጠል ድኗል፤ ኮረንቲውን የወሰደው አምፖሉ ነው።

ከነቀላችሁ በኋላም እጃችሁን ቶሎ አትስደዱ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በሬዚስተር አራግፏቸው፣ በመልቲሜትር ዜሮ መድረሱን አረጋግጡ፣ ከዚያ ወደ ሻሲው ግቡ።